ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል

ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ፣ 705 ሄክታር ስፋት ያለው የዕፅዋት ጥበቃ፣ የምርምርና የትምህርት ቦታ ነው። የተቋቋመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር ነው።

ቦታውን ለረጅም ጊዜ በብዛት የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነበር። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ሲሆን፣ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ያመለክታል። ቶሎ ስለሚያድግና ሲቆረጥ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ የመዲናይቱን የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጥረት አቃልሏል፤ ዛሬም ለብዙ የምዕራብ ጎጃም ገበሬዎች የገቢ ምንጭ ነው። ነገር ግን ብዙ ውሃ ይመጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም።

ስለዚህ ባሕር ዛፉን እንደ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ባሉ አገር በቀል ዛፎች መተካት ከማዕከሉ ሥራዎች አንዱ ነው። በጎጃም ገጠር አገር በቀል ዛፎች በብዛት የተረፉት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው።