የጋሞ ዞን ሕዝብ የዕድሜ ስብጥር

በግንቦት 1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን ሕዝብ 1 ሚሊዮን 593 ሺህ 104፣ የአርባ ምንጭ ከተማ ነዋሪ ደግሞ 74 ሺህ 879 መሆኑን አመልክቷል። በዚሁ ቆጠራ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ15 ዓመት በታች ያሉት ከሕዝቡ 45 በመቶ ያህሉን ሲይዙ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 3 በመቶ ገደማ ነበሩ።

በጋሞ የዕድሜ ስብጥሩን ፍልሰት ይለውጠዋል። ዶርዜን ከመሳሰሉ ደጋማ አካባቢዎች ለሥራ የደረሱ ወጣቶች ለሽመና ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ አርባ ምንጭ በዩኒቨርሲቲዋ አማካይነት ከሌሎች አካባቢዎች ወጣቶችን ትቀበላለች።

አረጋውያን በቁጥር አነስተኛ ቢሆኑም ተሰሚነታቸው ከፍተኛ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘውና ተንበርክከው ለበቀል የተነሱ ወጣቶችን መመለሳቸው ይታወሳል።

ጋሞ ጎፋ ለሁለት ዞኖች የተከፈለው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ አራተኛው ቆጠራም በዚያው ዓመት እንዲራዘም ተወስኗል። በ1999 ዓ.ም. የ5 ዓመት ሕፃን የነበረ በ2017 ዓ.ም. የ23 ዓመት ሥራ ፈላጊ ሆኗል። በመሆኑም የትምህርት፣ የጤናና የሥራ ዕድል ዕቅድ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች የቀድሞውን አሐዝ ሲጠቀሙ የዞኑን መለየትና የትውልዱን ዕድገት ከግምት ሊያስገቡ ይገባል።