የተገልጋይ ተሞክሮ ንድፍ፦ ከስልክ መተግበሪያ ወደ ሥራ ፍለጋ

የስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች «ዩኤክስ» የሚሉት ነገር አለ። ሲዘረዘር «ዩዘር ኤክስፒሪየንስ» ነው። የሥራ መጠሪያ ሆኖ የታወቀው ዶናልድ ኖርማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1993 እ.ኤ.አ. (ሌላ ካልተባለ ዓመቶቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው) አፕል ኩባንያ ገብተው «የዩዘር ኤክስፒሪየንስ አርክቴክት» የሚል ማዕረግ ሲይዙ ነው። ኖርማን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ስለ በር ጽፈው ነበር። ይገፋ ይሁን ይሳብ የማይለይ በር ፊት የቆመ ሰው ሲደናገር ራሱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን በሩን የሠራው ሰው ነው።

በአማርኛ «የተገልጋይ ተሞክሮ ንድፍ» ብንለው ይስማማኛል። «የተጠቃሚ» የሚሉም አሉ፤ «ተጠቃሚ» ግን ጥቅም ወደሚያገኝ ሰው ያዘነብላል። «ተገልጋይ» በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የምናውቀው ቃል ነው፤ በአግባቡ የመስተናገድ መብት ያለውን ሰው ያስታውሰናል። «ልምድ» ያላልኩት ደግሞ ወደ ሥራ ፍለጋ ስንገባ «የሥራ ልምድ» ከሚለው ጋር ስለሚምታታ ነው። አሠራሩ ይህ ነው፦ አንድ ነገር ከመሥራት በፊት ማን እንደሚገለገልበትና የት ላይ እንደሚቸገር ማጥናት፣ ናሙና ሠርቶ ማስሞከር፣ ከዚያም ማስተካከል።

ይህን ሐሳብ ወደ ፓርክዴል እንውሰደው። ፓርክዴል በቶሮንቶ ምዕራብ ያለ ሠፈር ነው፤ የጄምሰን ጎዳና ፎቆች ለብዙ ዓመታት አዲስ ገቢዎችን ሲያስጠልሉ ኖረዋል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚበዙት በከተማው ምሥራቅ፣ ዳንፎርዝ ላይ ቢሆንም ሥራ ፍለጋው እዚህም ያው ነው። በኩዊን ጎዳና ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ማመልከቻ የምትልክ ሴት እናስብ። አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ ቤት ስምንት ዓመት የሠራች የሒሳብ ባለሙያ ናት እንበል። እሷ የምታውቀው ማስታወቂያ «የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ ይዛችሁ በአካል ቅረቡ» የሚለውን ነው። እዚያ መዝጋቢው ፊት ለፊት አለ፤ ግር ያለውን ይጠይቃል፣ ሰነድ ያገላብጣል። እዚህ ግን ማመልከቻውን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ማጣሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ካለፈ ጊዜ ያጠረው የቅጥር ክፍል ሠራተኛ ዓይኑን ይጥልበታል።

የሬዙሜው፣ ማለትም ከማመልከቻው ጋር የሚላከው የትምህርትና የሥራ ታሪክ ማጠቃለያ፣ ተገልጋይ እንግዲህ ይህ አንባቢ ነው። ስለ አዲስ አበባ ምንም አያውቅም፤ የማያውቀውም የእኛን ዘመን አቆጣጠር ጭምር ነው። ከባንኩ የተሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ «ከ2005 እስከ 2013 ዓ.ም.» ይላል፤ ቁጥሩ እንዳለ ሬዙሜው ላይ ከተገለበጠ አንባቢው ሴትየዋ ከ2013 ወዲህ ሥራ ፈትታ የኖረች ይመስለዋል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር እስከ 2021 ሠርታ ሊሆን ይችላል። አንድ መስመር ስምንት ዓመት ገደማ ያሳጣታል። ስምም እንዲሁ ነው፦ አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ከገባ የሁለት ሰው ወረቀት ይመስላል። ፎቶ፣ የትውልድ ቀንና የጋብቻ ሁኔታ ደግሞ እዚህ ሬዙሜ ላይ አይካተቱም።

ናሙናን ማስሞከር ብዙ ወጪ የለውም። ሬዙሜውን ለማያውቃት ሰው ለጥቂት ሰከንድ አሳይታ ትወስድና «ምን ሠራተኛ ነኝ?» ብላ ትጠይቃለች። ሰውየው «ባንክ ቤት ነገር» ካለ የመጀመሪያው ሦስት መስመር እንደገና ይጻፍ። የላከችውንም ሁሉ በደብተር ትያዝ፦ ማን መለሰ፣ የት ላይ ተቋረጠ? ማንም ካልጠራት ችግሩን ከወረቀቱና ከምትመርጠው ማስታወቂያ መፈለግ ትጀምር። እየተጠራች ከቃለ መጠይቅ በኋላ ከቀረች ግን ሬዙሜውን መቶ ጊዜ ማሳመር ጊዜ ማባከን ነው።

የስታንፎርዶቹ ቢል በርኔትና ዴቭ ኢቫንስ በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ ሥራውን ከሚሠራ ሰው ጋር መነጋገርን እንደ ናሙና ይቆጥሩታል። በእኛ ዘንድ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ሲገኝ የሚቀድመው «እባክህ ሥራ ፈልግልኝ» ነው፤ ሰውየው ይጨነቃል፣ ይሸሻል። «እናንተ ጋ ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ ምን ይታያል?» የሚለውን ጥያቄ ግን ብዙ ሰው በደስታ ይመልሳል። ትሪየክ የተባለው የቶሮንቶ ድርጅት ከ2004 ጀምሮ አዲስ ገቢ ባለሙያን ከሙያ አጋሩ ጋር ሲያገናኝ የቆየው ለዚህ ዓይነቱ ንግግር ነው።

እዚህ ላይ ወደ በሩ መመለስ ግድ ይላል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ኢኮኖሚስት ፊሊፕ ኦሪዮፖሎስ በ2011 ባሳተሙት ጥናት ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የተፈበረኩ ሬዙሜዎችን ለቀጣሪዎች ልከዋል። የካናዳ ትምህርትና ልምድ እኩል ሆኖ ሳለ እንኳ የእንግሊዝኛ ስም የያዙት ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከቻይና ስሞች የበለጠ ተጠርተዋል። ይህን ማንም ሥራ ፈላጊ በፊደል ምርጫ አያስተካክለውም። ስትቀር ራሷን የምትወቅሰው እህታችን ይህን ብታውቅ እወዳለሁ፤ ሥራ ፈላጊም የቅጥር ሥርዓቱ ተገልጋይ ናትና በሩን የሠሩት ሊጠየቁ ይገባል።

ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ይህ በጥቂቱ ተጀምሯል። የክፍለ ሀገሩ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን «የካናዳ የሥራ ልምድ» ማለትን አድልዎ ሊሆን የሚችል መስፈርት ብሎ ፖሊሲ ያወጣው በ2013 ነው። ከጥር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 25 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ቀጣሪዎች ይህን መስፈርት በይፋ ማስታወቂያ ላይ መጻፍ አይችሉም፤ የደመወዙን ወሰን መግለጽ፣ ለማጣራት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጠቀሙ ከሆነም መናገር አለባቸው። ቃለ መጠይቅ ያደረጉለትን ሰው ውሳኔ ላይ መደረስ አለመደረሱን በ45 ቀን ውስጥ ማሳወቅም ግዴታቸው ነው። ስለዚህ የቃለ መጠይቁ ቀን ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ 45ኛው ቀን ካለፈ ድንጋጌውን ጠቅሶ በኢሜይል መጠየቅ ነው። ማመልከቻ ልካ ለቃለ መጠይቅ ላልተጠራችው ግን ይህ ግዴታ አይደርስላትም።