«ሻረ»፦ ስለ አንድ ግሥና ስለ አንድ ውል



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ አጭር ግሥ ነው፤ «ሻረ» ከሚለው። ግሡ ከግእዙ «ሰዐረ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን በአማርኛ በሦስት መስክ ያገለግላል።

የመጀመሪያው የሥልጣን መስክ ነው። ሹም ይሾማል፣ ይሻራል። «ሹም ሽር» የሚለው አነጋገርም ሆነ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሥልጣን አላፊ መሆኑን ሕዝቡ ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ያሳያሉ። ሁለተኛው የሕግ መስክ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ አዲስ አዋጅ የቀደመውን «ተሽሯል» ብሎ ያሰናብተዋል። ሆኖም «ሰንበትን ሻረ» ስንል ሰውየው ትእዛዙን ጣሰ ማለታችን እንጂ ሰንበት ቀረች ማለታችን አይደለም። እንግዲያውስ መሻር ሕግን የሚያስቀረው ሻሪው ሥልጣን ሲኖረው ብቻ ነው፤ ያለዚያ መተላለፍ ይሆናል። ሦስተኛው የሰውነት መስክ ነው፤ ቁስል ሲድን «ሻረ» እንላለን።

እነዚህን ፍቺዎች ይዘን ወደ ውጫሌ ውል እንመለስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ አልነበረም። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ ሊረዱ እንደሚችሉ ሲፈቅድ፣ ጣሊያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉ አስታወቁ። ኢጣሊያ ግን በእንቢታዋ ጸናች። ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በጦር ተቆረጠ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውልም ውጫሌን ከነተቀጥላው ሽሮ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት አረጋገጠ።

ታዲያ ውሉ ሲሻር ቁስሉስ ሻረ? ያው የሰላም ውል የመረብን፣ የበለሳንና የሙናን መስመር ጊዜያዊ ወሰን አድርጎ ተቀብሏል። አንቀጽ 17 ሲቀር ከመረብ ማዶ ያለው ሕዝብ በቅኝ አገዛዝ ሥር ቆየ። የኢጣሊያም ቂም አልበረደም፤ ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ጦሯ ከዚያው ከኤርትራ ተነሥቶ መረብን ተሻገረ።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። በሕግ መሻር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ብዕርና ማኅተም ይበቃዋል። የቁስል መሻር ግን ጊዜና እንክብካቤ ይጠይቃል፤ በትእዛዝም አይፈጸምም። የታሪክ ተማሪ «ተሽሯል» የሚል ሰነድ ባገኘ ጊዜ ምርመራውን በዚያ አይዝጋ። ማን ሻረው፣ በምን ሥልጣን ሻረው ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ ያ ጽሑፍ ያቆሰለው ሕዝብ ድኖ እንደሆነም ይጠይቅ።