ፕላንቴሽን

ዛሬ «ፕላንቴሽን» ሲባል የሚታየን ሰፊ የሻይ ወይም የጎማ ዛፍ እርሻ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ግን የሚተከለው ሰው ነበር፤ ቃሉ ሰፋሪዎችን በሌላው ምድር ማስፈርን፣ የሰፈሩበትንም ቦታ ይጠራ ነበር። ፍራንሲስ ቤከን እ.ኤ.አ. በ1625 ባሳተመው መጣጥፍ ስለ ፕላንቴሽን ሲመክር ጉዳዩ ቅኝ ግዛት ነው።

ከዚህ ተከላ የተጠቀመ ትልቅ ገጣሚ አለ፦ ኤድመንድ ስፔንሰር። በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣው የዴዝሞንድ አመፅ ከተደመሰሰ በኋላ፣ በአየርላንዱ ሙንስተር ከተወረሰው መሬት ኪልኮልማን የተባለው ርስት ደረሰው። እንግሊዝን ያገነነበትን «ዘ ፌሪ ኲን» የተባለውን ግጥም ሲጽፍ ኑሮው አየርላንድ ነበር። በ1596 ገደማ በጻፈው ሐተታ ደግሞ የአየርላንዶች ልማድ፣ ካባቸው እንኳ ሳይቀር፣ እንዲጠፋ ይሟገታል። ለመትከል መንቀል ይቀድማል ማለቱ ነው፤ ግጥሙን ወድጄ ይህን ልዝለል ብል አልተሳካልኝም። በ1598 አማፅያን ቤቱን አቃጠሉት።

ሼክስፒር በቃሉ ቀልዶበታል። በ«ዘ ቴምፔስት» ሽማግሌው ጎንዛሎ ደሴቲቱን በ«ፕላንቴሽን» ስለማቅናት ሲያልም፣ አንቶኒዮ ቃሉን ወደ እርሻ ጠምዝዞ ሳማ ይዘራባት ነበር ሲል ያላግጥበታል። ተውኔቱ በ1611 በቤተ መንግሥት ሲታይ፣ በአየርላንድ ሰሜን የአልስተር ፕላንቴሽን ገና መጀመሩ ነበር።