ማህደርን የመፈተሽና የመፍጠር ልማድ ታሪክ

ፎልደር፣ ማለትም የኮምፒውተር ፋይሎች ተለይተው የሚቀመጡበት ማህደር፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መልቲክስ በተባለው ሥርዓት አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲደራጅ ሆኖ ከተቀረጸ በኋላ፣ በ1983 በወጣው ኤምኤስ-ዶስ 2.0 ሥርዓተ ክወና አማካይነት ወደ አይቢኤም የግል ኮምፒውተሮች ገባ። በ1991 የቀረበው ቪዡዋል ቤዚክ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የዴስክቶፕ ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩ ሰዎችን ሲያበዛ፣ ያለን ማህደር ዳግም ለመፍጠር መሞከር ስህተት አስከትሎ ሥራውን ስለሚያቋርጥ፣ አስቀድሞ መኖሩን መፈተሽ፣ ከሌለም መፍጠር የፕሮግራም ጸሐፊዎች ልማድ ሆነ፤ በ2002 የወጣው ዶትኔት የተባለ የፕሮግራም መሥሪያ መድረክ ግን ሁለቱን በአንድ ትእዛዝ አጠቃለለ።