«በውዝ» እያለ «በዘፈቀደ» ለምን?

በስልካችን ያጠራቀምናቸውን ዘፈኖች ተራቸውን አፍርሶ የሚያጫውተው አዝራር በአማርኛ «በዘፈቀደ አጫውት» መባል ጀምሯል። ሥር ሳይሰድ ቢነቀል ደስ ይለኛል።

«ዘፈቀደ» ግእዝ ነው፤ «ዘ» የአማርኛው «የ»፣ «ፈቀደ» ደግሞ «ወደደ፣ ፈለገ» ነው። በዚህ አዝራር ግን የፈቀደ የለም። አድማጩ ምርጫውን ትቷል፤ መሣሪያው ፈቃድ አያውቅም። በዚያ ላይ ቃሉ ወቀሳ ያዘለ ነው። «በዘፈቀደ ይሠራል» የተባለ ሰው አልተመሰገነም።

«ደባልቅ» የሚሉም አሉ። ይሻላል፤ ነገር ግን የተደባለቀ ዱቄት ተመልሶ አይለይም። ዘፈኖቹ ግን እያንዳንዳቸው እንደተቀዱ አሉ፤ የተለወጠው ተራቸው ብቻ ነው።

ለዚህ ሥራ ካርታ ተጫዋቾች ድሮውኑ ቃል አላቸው፦ በወዘ። ይበውዛል፣ በውዝ፣ ተበወዘ፣ ብወዛ፤ እንደ ልብ የሚረባ ግስ ነው። ፍቺውም ልክክ ይላል። ከተበወዘ ካርታ አንዱ ከወጣ በኋላ ክምሩ እስኪያልቅ አይደገምም፤ ዝም ብሎ በዕጣ ቢመረጥ ግን አንዱ ዘፈን ሦስቴ ሊመጣ፣ ሌላው ጭራሽ ሊቀር ይችላል። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ሮናልድ ፊሸርና ፍራንክ ዬትስ በ1938 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ በኋላም ለኮምፒዩተር የተበጀው ዘዴ የሚሠራው ይህንኑ ብወዛ ነው። የሙዚቃ ማሰራጫው ስፖቲፋይማ የአንድ ድምፃዊ ሥራዎች ሲከታተሉባቸው አድማጮች ስላማረሩ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ዘፈኖቹን አራርቆ የሚደረድር ስልት ማበጀቱን ገልጿል። ይህን ያህል የታሰበበትን ነገር «ዘፈቀደ» ማለት ስም ማጥፋት ነው።

የብወዛ ጸጋ ደግሞ ሌላ ነው። የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ሸልሎ ሲያበቃ የዓለሙ አጋ በገና ይገባል፤ ያ የአውታሮቹ ጥዝታ ከሽለላው ማግስት ሲሰማ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ይታወቃል። ቀጥሎ የአስናቀች ወርቁ ክራር። በአልበም ተራ የሚሄድ ሰው ሦስቱን በአንድ ምሽት መቼ ያገናኛቸዋል? የራሳችን ሆነው የረሳናቸው ዘፈኖች የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ቃሉ ቁማር ቁማር ይሸታል የሚል ይኖራል። የካቢኔ ብወዛ የሚል ዜና ስናነብ ግን ቁማር ትዝ ብሎን አያውቅም። አዝራሩ ላይ «በውዝ» ይጻፍ፤ የማዳመጥ ዘይቤውም «ብወዛ» ይባል። «ዘፈኖቼን በውዤ ላዳምጥ» ለማለት አፉ የሚተሳሰር አማርኛ ተናጋሪ የለም።