ለዝግታ የተጻፈ ማመልከቻ

እንግዲህ ስሙኝ፣ የአንድ ወረቀት ታሪክ ላውጋችሁ። አሰላ ከተማ፣ በአንዱ ሰፈር ቡና ላይ የሚጀመር ወረቀት ነው። ገንዘብ ስጡን አይልም፣ መሬት ምሩን አይልም። መኪና በደጃችን ሲያልፍ ቀስ ይበልልን ነው የሚለው።

ከወረቀቱ በፊት መንገዱን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል በአዳማና በኢተያ አድርጋችሁ ስትወጡ፣ ጭላሎ ተራራ ግርጌ አሰላን ታገኛላችሁ። ዋናው አስፋልት ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ወደ ሳጉሬ፣ ወደ በቆጂ፣ ከዚያም ወደ ዶዶላ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1967 ስዊድኖች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅትን፣ ማለትም ካዱን፣ እዚህ ሲያቋቁሙ የገበሬው ስንዴና ወተት ገበያ የሚደርስበት መንገድም ከሥራቸው አንዱ ነበር። ኋላ የብቅል ፋብሪካው መጣ፣ ገብስ የጫነው አይሱዙ መጣ፣ ዩኒቨርሲቲው መጣ፣ ባጃጁ መጣ። እህሉም ሰዉም በአንድ መንገድ ላይ ሆኑ። ሰዉ ደግሞ እዚህ አገር በእግሩ ሄያጅ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ከቤቱ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የነበረው በዚሁ በአርሲ ምድር ነው። ዛሬም ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው መንገድ ዳር ናቸው።

ወደ ውስጥ ሰፈሮች ግቡ። ከጭላሎ በኩል ወደ ዋናው አስፋልት የሚወርደው ሁሉ ቁልቁለት ነው። ዱሮ ጭቃውና ጉድጓዱ ለሾፌሩ ልጓም ነበር፤ ሳይወድ በግዱ ያዘግማል። ከዚያ እንደ ብዙ የአገራችን ከተሞች ሰፈርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ ኮብልስቶን አስነጠፈ። ደስም አለው፣ ደስ ሊለውም ይገባል። ግን ጭቃው ሲጠፋ ልጓሙም አብሮ ጠፋ። ቁልቁለቱን ባዶውን የሚወርድ ባጃጅ ምን ያህል እንደሚፈጥን ደጃፏ ላይ ቆማ ልጇን የምትጠብቅ እናት ታውቀዋለች።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ቁጥር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው ቁጥሩ ውስጥ ነውና። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ ኳሱን ተከትሎ ብቅ ያለውን ልጅ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ያቺ ሰከንድ አልቃለች። በ30 ቢሆን የሚጓዘው 8 ሜትር ከምናምን ነው፤ የሚመታበት ጉልበት ደግሞ በአራት እጥፍ ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ሰው የሚገድል አደጋ 4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያችው ካዱን ያመጣችልን ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለምን ሚኒስትሮች ስቶክሆልም ላይ ሰብስባ በወጣው መግለጫ፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳያልፍ ተጠይቋል። ስለዚህ የሰፈሯ እናት የምትጠይቀው ቅንጦት አይደለም።

ወረቀቱ ይጻፋል እንግዲህ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው ይጻፋል። ማን ይፈርም? እኔን ብትጠይቁኝ ሴቶቹ ከላይ ይፈርሙ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሙሽሪት ከእናቷ የምትቀበላት ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር አለች። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በሚደባደቡ ሰዎች መካከል ከቆሙ ጠቡ ይበርዳል፤ እነሱን ጥሶ ማለፍ ትልቅ ነውር ነው። ይህን ሥልጣን ይዘው የኖሩ እናቶች በማመልከቻው ግርጌ መደብዘዝ የለባቸውም።

ወረቀቱ በቀበሌው ማኅተም ተመትቶ ማዘጋጃ ቤት ይደርሳል። እዚያ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ‹‹መንገዱ የማን ነው?›› የሚል ነው፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። የውስጥ ለውስጡ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከተማ ለከተማ የሚያገናኘው ዋናው አስፋልት ግን በፌዴራሉ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሥር ነው፤ እዚያ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን ብሬከር፣ ማለትም መኪና የሚያዘገም ጉብታ፣ አይሠራም። ይህን ሳያውቅ የጻፈ ሰፈር ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተትበት ይከርማል።

ሰፈርተኛው ሲሰለቸው ምን ያደርጋል? ታውቁታላችሁ። ማታ አፈርና ድንጋይ አምጥቶ መንገዱ ላይ ይቆልላል። በዚህ የሚቆጣ ካለ የደልፍትን ታሪክ ይስማ። በሆላንዷ ደልፍት ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የገዛ ሰፈራቸውን መንገድ ነቅለው መሰናክል አደረጉበት። እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያች ትንሽ አገር 3,300 ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1976 መኪና በእግረኛ እርምጃ የሚሄድበት የመኖሪያ መንገድ በሕግ ጸደቀ።

ቁጣውን እረዳለሁ፤ የአፈሩን ቁልል ግን አልደግፍም። የአሰላ ክረምት ኃይለኛ ነው። ቁልሉ ጎርፉን ወደ ሰው ቤት ይመልሳል። ቀለም ስለሌለው ማታ አይታይም፣ ባለ ሦስት እግሩን ባጃጅ ይገለብጣል፣ ምጥ የያዛትን ሴት የጫነውን አምቡላንስ ያንገላታል። የእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሞክሮ ያወጣው ጉብታ ሌላ ነው። በመኪናው አካሄድ 3.7 ሜትር ይረዝማል፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ጀርባው ክብ ነው። ቀስ ብሎ የመጣውን አይጎዳም፤ የሚበረውን ብቻ ይነቀንቃል።

ድሃ አገር ነን፣ አንችለውም የሚል ይኖራል። ጋና ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ሱሁም መገናኛ በሚባል ቦታ፣ መንገዱን አቋርጠው የሚያንቀጠቅጡ ተርታ መስመሮች አሠራች። አደጋው በ35 በመቶ ገደማ፣ ሞቱ በ55 በመቶ ገደማ ቀነሰ። አዲስ አበባችንም በ2016 እ.ኤ.አ. ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በቀላል ዕቃ ለእግረኛው ቦታ ቆርሳለታለች። የጠየቀው ጥቂት ቀለምና ውሳኔ ነው።

እናም ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ የውስጡ መንገድ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ዋናው አስፋልት ለመንገዶች አስተዳደር። ‹‹መኪና በዛብን›› ብቻ አይበል። የትኛው ቁልቁለት፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት በር ፊት፣ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ይናገር። ምልክቱ ከብሬከሩ ቀደም ብሎ ይተከልልን፣ ቱቦው አይደፈንብን ይበል። ቀለሙን ክረምቱ ያጥበዋልና፣ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ማን እንደሚያድስም ይጻፍበት። እድሩ የቀለሙን ዋጋ ካወጣ፣ ስሙ ከእናቶቹ ፊርማ ቀጥሎ ይስፈር።